ሩብ ሚሊዮን ዩሮ የተገመተው የደሴ ቤት፦ የአንድ የጣሊያን ስኮላርሺፕ የጉዳይ ጥናት

የአጎቴ ልጅ የጣሊያንን ነገር ያነሳብኝ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። አዲስ አበባ እኔ ጋ ተቀምጦ ሥራ ይፈልግ ነበር። አንድ ማታ እራት እየበላን፣ «ወንድም ጋሼ፣ ጣሊያን ውጤት ሳይሆን ድህነት አይቶ የሚከፍል ስኮላርሺፕ አለ» አለኝ። ሳቅኩበት። ድህነትማ ከሆነ መመዘኛው አገሩ ሁሉ ያልፋል አልኩት።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጄው ነው። ስሙን፣ ዩኒቨርሲቲውንና ከተማውን ትቻለሁ። የቀረው የሆነው ነው።

ከዚያ በፊት ሌሎች በሮችን አንኳኩቶ ነበር። ኢራስመስ ሙንዱስ ለሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ አመልክቶ «እናዝናለን» የሚል ኢሜይል ደርሶታል። ቼቭኒንግ የሚባለውን የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ገና መስፈርቱን ሲያነብ ተወው። እንግሊዞቹ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፣ የሁለት ዓመት ያህል ማለት ነው፤ ሥራ እየፈለገ ያለ ልጅ ከየት ያመጣል?

አጎቴ ደሴ ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ነገሩን በስልክ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «በ28 ኅዳር ደሴን በቦምብ የደበደበ ጣሊያን፣ ዛሬ ልጄን ሊያስተምርልኝ ነው?» አለ። 1928 ዓ.ም. ማለቱ ነው። እሱ ያኔ አልተወለደም፤ ከአባቱ የሰማውን ነው የሚያወራው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ካሳ ነው በለው» ብሎ ሳቀ። በዚሁ ተፈቀደ።

ነገሩ ግን ካሳም ሽልማትም አይደለም። የጣሊያን ሕገ መንግሥት በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ አንቀጽ 34 ችሎታ ያለውና የሚገባው ተማሪ አቅም ባይኖረውም እስከ ከፍተኛው የትምህርት ደረጃ የመድረስ መብት አለው ብሏል። ይህን መብት በገንዘብ የሚተረጉሙት ክልሎቹ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የክልሉ የተማሪዎች ድጋፍ ድርጅት ነው። ፒየሞንቴ ላይ ኤዲሱ፣ ኤሚሊያ ሮማኛ ላይ ኤርጎ፣ ሮም ያለችበት ላዚዮ ላይ ላዚዮዲስኮ ይባላል። የውጭ አገር ተማሪም ከጣሊያኑ እኩል ይወዳደራል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ዋናው መመዘኛ የቤተሰቡ ኑሮ ነው። «ለምን አንተን እንምረጥህ» የሚል ድርሰትም ኢንተርቪውም የለም።

ያለው ወረቀት ነው።

የመግቢያው ነገር ብዙ አላስቸገረንም። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የማስተርስ ፕሮግራም መረጠ። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት፣ እነሱም ያንኑ ተቀበሉ፣ የፈተና ወጪ ተረፈ። ግንቦት ላይ ተቀባይነት አገኘ። ዩኒቨርሲታሊ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቅድመ ምዝገባውን ሞላ። ቤት ውስጥ እልል ተባለ። እልልታው ቸኩሏል። የመግቢያ ደብዳቤው ትማራለህ ይላል እንጂ ትበላለህ አይልም።

የክልሉ ማስታወቂያ፣ ባንዶ የሚሉት፣ የወጣው በሐምሌ ነው። ከ40 ገጽ በላይ ጣሊያንኛ። ልጁ በትርጉም ማሽን እያስተረጎመ አንድ ሳምንት ሙሉ አነበበው። እኔ ማጠቃለያውን አይቼ ገባኝ አልኩ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ የቁጥር ሰው ነኝ፣ ምን ሊያመልጠኝ? በዚህ ጉራዬ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሚፈለገው ኢዜኤ ፓሪፊካቶ የሚባል ቁጥር ነው። የቤተሰቡን ገቢና ንብረት ወስደው በቤተሰቡ ብዛት በተሠራ ቀመር ያካፍሉታል። በዚያ ዓመት የገቢው ቁጥር አገራዊ ጣሪያ 26,306 ዩሮ፣ የንብረቱ ደግሞ 57,187 ዩሮ ነበር። ከዚያ በታች የሆነ ይወዳደራል። የአንድ አስተማሪ ጡረታ በዩሮ ተመንዝሮ ከዚህ ጣሪያ ጋር ሲቆም ያሳፍራል። ስለዚህ አልፈናል ብለን ተቀመጥን።

ስሌቱን የሚሠራው ካፍ የሚባል የጣሊያን የግብር አማካሪ ቢሮ ነው። ቢሮው አራት ዓይነት ማስረጃ ፈለገ፦ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ገቢ፣ የባንክ ቀሪ ሒሳብ፣ ቤት። ሁሉም ተተርጉሞ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ አልፎ፣ የኤምባሲ ማኅተም ማግኘት አለበት። ወረፋውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ዘመን አቆጣጠር ሆነ። የሚፈለገው የሁለት ዓመት በፊት ገቢ ነው፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2021። በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2013 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 መሆኑ ነው። አጎቴ ይዞት የመጣው የጡረታ ማስረጃ ግን «የ2013 በጀት ዓመት» ይላል። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ ጀምሮ ሰኔ ያልቃል። ግማሹ ጣሊያኖቹ ከሚፈልጉት ዓመት ውጭ ነው። እንደገና ተጻፈ፣ ወር በወር ተዘርዝሮ፣ «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ተብሎ። የጻፈችው ልጅ «በዚህ ዓይነት ጽፌ አላውቅም» ብላ ሁለት ጊዜ አለቃዋን ጠየቀች።

2021 ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ነበር። እነ አጎቴ ሸሽተው እኔ ቤት የከረሙት ያኔ ነው። ከተማዋ ላይ ፋይል የጠፋበት ቢሮ ብዙ ነው። የእነሱን የቤተሰብ ቅጽ ለማግኘት ሦስት ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነ።

ከዚያ የስም ነገር መጣ። ካፉ ጻፈልን፦ «አባትየው የዚህ ቤተሰብ አባል መሆናቸው በምን ይታወቃል? የቤተሰብ ስማቸው ከልጁ ጋር አይገጥምም።» የልጁ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የቆመው የአያቱ ስም ነው። የአባትየው ላይ የአባትየው አያት። የእናትየውማ ጭራሽ አይገናኝም። በጣሊያን ዓይን ሦስቱ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ባዕዶች ናቸው። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍንና የልደት ማስረጃውን አያያዝን። ተቀበሉት። ይህን የምነግራችሁ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ እንድታያይዙት ነው።

ነሐሴ 23 ቀን ካፉ የመጀመሪያውን ስሌት ላከ። ልጁ ሥራ ቦታ ድረስ መጣብኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። «ወንድም ጋሼ፣ ሀብታም ነን ይላሉ።»

ወረቀቱን አየሁት። የደሴው ቤት 250,000 ዩሮ።

መጀመሪያ ሳቅን። ማታ ለአጎቴ ሲነገረው «ገዢ ካለ አምጡልኝ፣ ዛሬውኑ ፈርሜ እለቃለሁ» አለ። በነጋታው ግን ሳቁ ጠፋ። 250,000 በሦስት ሰው ቀመር ቢካፈልም ከንብረት ጣሪያው ያልፋል። ጣሪያውን ያለፈ ደግሞ ከነአካቴው አይወዳደርም፣ ጡረታው ምንም ያህል ቢያንስ።

ከየት መጣ? የጣሊያን ሕግ ውጭ አገር ያለ ቤትን በገበያ ዋጋ አይገምትም። አንድ ካሬ ሜትር 500 ዩሮ ብሎ ቆርጦታል። ደሴም ይሁን ዱባይ ያው ነው። የእኛ ማስረጃ ደግሞ የሚለው «500 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ መኖሪያ ቤት» ነው። የግቢው ስፋት ነው እንግዲህ፤ ባህር ዛፉ፣ ጌሾው፣ የዶሮው ቤት፣ ሁሉም ያለበት። ተርጓሚው «500 ካሬ ሜትር ቤት» ብሎ አሳጠረው። ከመላኩ በፊት ትርጉሙን ያረጋገጥኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ከቁጥሩ ጋር ይመሳከራል ብዬ ፈረምኩ። ይዞታና ግንባታ የተለያየ መሆኑን ሒሳብ ሠራተኛ ይቅርና ጎረቤትም ያውቃል። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ልጁ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ማመልከቻው የሚዘጋው ሴፕቴምበር 15 ነው፣ መስከረም 4። አሥራ ሰባት ቀን ቀረን። መሐል ላይ አዲስ ዓመት አለ። ደግሞ ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት ነው። እኛ አንድ ቀን አተረፍን ብንልም ጣሊያኖቹ አይቆጥሯትም።

ከሁሉም የከበደው ጊዜው ነው። ሐምሌ 28 ቀን አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ስካን አድርጎ በቴሌግራም መላክ አይታሰብም። አጎቴ በእግሩ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ ባለሙያ ለምኖ ቤቱን አስለካ። የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሦስት ክፍልና ማድ ቤት፦ 94 ካሬ ሜትር። ደብዳቤው «የግንባታ ስፋት» የሚል ቃል ይኑረው ብለን በስልክ አስጠነቀቅን። አጎቴ የቀድሞ አስተማሪ አይደል? ረቂቁን ራሱ አርሞ መልሶላቸዋል። ወረቀቱ በአንድ ዘመድ እጅ ጳጉሜ 3 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ዓርብ ነበር።

94 ሲባዛ በ500፣ 47,000 ዩሮ። ለሦስት ሰው ሲካፈል ከጣሪያው በጣም ይወርዳል።

ሰኞ ጳጉሜ 6 ውጭ ጉዳይ ተሰለፍኩ። ማክሰኞ በዓል። ረቡዕ የተሻሻለውን ትርጉም ለካፉ ላክን። የኤምባሲው ማኅተም ግን በዚያ ሳምንት የሚደርስ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው የ40 ገጹ ንባብ የጠቀመው። ልጁ ባንዶው ውስጥ አንድ አንቀጽ አስታወሰ፦ የውጭ ተማሪ ማመልከቻውን በቀኑ ካስገባ፣ ማኅተሙ ያለቀለትን ሰነድ በኋላ የሚያስገባበት ሌላ ቀን አለው። እኔ ያነበብኩት ማጠቃለያ ላይ ይህ የለም። ማመልከቻው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባ። እንደዚህ ያለ አንቀጽ በየክልሉና በየዓመቱ ይለያያልና በዚህ ታሪክ እንዳትተማመኑ፤ የራሳችሁን ባንዶ አንብቡ።

በዚያ ሰሞን አንድ ደላላ አግኝቶኝ ነበር። «የጣሊያን ስኮላርሺፕ መቶ በመቶ በዋስትና» ይላል። ደረጃውን የሚያወጣው ክልሉ፣ በጀቱንም የሚወስነው እሱ፤ ቦሌ ቢሮ የከፈተ ሰው በምን ዋስ ይሆናል? ፎርም ለመሙላት ማስከፈል አንድ ነገር ነው፤ ያልያዙትን መሸጥ ሌላ ነው።

ቪዛው ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። ለዚያ ዓመት 6,079 ዩሮ መኖሩን ማሳየት ግድ ነው። በባንክ ምንዛሬ ከ350 ሺህ ብር በላይ ነው። ገና ያልተሰጠን ስኮላርሺፕ አለኝ ማለት አይቻልም። ጅዳ የምትኖረው ታላቅ እህቱ በስሟ ያለውን ሒሳብ አሳይታ ኃላፊነት ወሰደች። ገንዘብ ለአንድ ሳምንት ተበድረው አካውንት ላይ አስቀምጠው «ለማሳያ» የሚያደርጉ አሉ። ቪዛው ቢገኝ እንኳ እዚያ ስትደርስ ባዶ እጅህን ነህ፣ ይኼኛው ደግሞ ከቪዛ መከልከል የከፋ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ልጁ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቪዛ አገኘ። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ከተጀመረ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል። ይዞ የሄደው 1,900 ዩሮ ነው፤ እህቱ የሰጠችውና የእናቱ እቁብ ተደምሮ። በደረሰ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፣ ሐበሾቹ ሶጆርኖ የሚሉትን። የፖስታ ቤቱ፣ የካርዱና የቴምብሩ ክፍያ ተደምሮ ከ110 ዩሮ በላይ በላ። ለአንድ አልጋ በወር 330 ዩሮ፣ ከዚያ ላይ መያዣ። ስኮላርሺፑ የት አለ? ውጤቱ የሚወጣው ኅዳር ላይ ነው። ብሩ የሚገባው ዲሴምበር መጨረሻ። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብሎ የሚፖስት ሁሉ ይህን የሚዘል ይመስለኛል፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምትኖረው በራስህ ኪስ ነው።

አንድ እንቅፋት ደግሞ ቤቱ ራሱ ሆነ። ከሩቅ የመጣ ተማሪ የሚያገኘው መጠን ከፍ ያለ ነው። ለዚያ ግን ቢያንስ የ10 ወር ሕጋዊ የኪራይ ውል ማቅረብ አለበት፣ ያለዚያ መጠኑ ይቀነሳል። የመጀመሪያው አከራይ ውል የሚባል ነገር አልሰማም አለ። ግብር እንዳይከፍል ነው። በመጨረሻ መላ ያገኘው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ከተማ 30 ዓመት የኖሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት አሉ። አደይ ይላቸዋል። እሳቸው የሚያውቋት ጣሊያናዊት አሮጊት ነበረች፤ ውል ተጻፈ፣ ተመዘገበ። አደይ በዚያው ሹሮ ጨመሩለት።

ዝርዝሩ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ብሩን የሚያገኝ ነው። ሌላው ኢዶኔኦ የሚባለው ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ፣ በጀት ያልደረሰው። ኢዶኔኦም ቢሆን የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን የሚበላበት የለውም። የእኛው ልጅ ከመጀመሪያው ወገን ሆነ። ቁጥሩ በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ጭማሪ ስላለ የዓመቱ ድምር ከ7 ሺህ ዩሮ በላይ መጣ። ሴት ብትሆንና ሳይንስ ወይም ምህንድስና ብታጠና ሌላ ጭማሪ ነበራት። እህቶች ይህን ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ክፍያ የገባው ለፈረንጅ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ዕለት ኪሱ ውስጥ 14 ዩሮ ነበረው። አብሮት ለሚኖር ፓኪስታናዊ 200 ዩሮ ዕዳ አለበት። ለእናቱ ግን ስልክ በደወለ ቁጥር «ጠግቤ ነው የምውለው» ነው መልሱ።

በዚህም አላበቃም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከ ኦገስት 10 ድረስ 20 ክሬዲት ካላገኘ ሁለተኛው ክፍያ ይቀራል። እስከ ኖቬምበር 30 ካላሟላ ደግሞ የተሰጠውንም ይመልሳል። አንድ ኮርስ ስድስት ወይም ዘጠኝ ክሬዲት ነው። ፈተናው ከ30 ይታረማል፣ ማለፊያው 18። ብዙው በቃል ነው፤ መምህሩ ፊት ተቀምጠህ። የእኛ ልጅ ወረቀት ላይ አንበሳ ነው፣ በቃል ሲጠየቅ ግን በአክብሮት ድምፁ ይጠፋል። ጥር ላይ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። «መምህሩ ‹ዝም ስትል የማታውቅ መሰለኝ› አለኝ» ብሎ ነገረኝ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ለራሱ ማስረዳት ጀመረ። ፌብሩዋሪ ላይ ሁለት ኮርስ አለፈ፣ 12 ክሬዲት። ጁላይ ላይ ባለዘጠኝ ክሬዲቱን ኮርስ በ24 አለፈ። በድምሩ 21። በአንድ ክሬዲት ተረፈ።

በ2016 ሐምሌ መጨረሻ ለሁለተኛ ዓመት እንደገና ማመልከት ነበረበት። አሁን የሚፈለገው የ2022 ወረቀት ነው። ደሴ ደወልኩ፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። አጎቴ አላስጨረሰኝም። «ጡረታው ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ ተጽፏል። የቤቱም አለቀ፣ 94 ካሬ፣ ግንባታ የሚለው ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ» አለኝ። «አንተ ብቻ እንደ አምናው አትፈርምበት።»